ባለቤት ያጣ ግሥ

ጁን 13 ቀን 2019 በካርቱም በተሰጠ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የሱዳን ጊዜያዊ ወታደራዊ ምክር ቤት ቃል አቀባይ ሌተና ጄኔራል ሻምስ አልዲን ካባሺ ከዐሥር ቀን በፊት በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ስለ ፈሰሰው ደም ተናገሩ። መቀመጫውን ለመበተን ዕቅድ እንዲወጣ ምክር ቤቱ ማዘዙን ካመኑ በኋላ ነገሩን በሦስት የዐረብኛ ቃላት ደመደሙት። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሆነው ሆነ» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሱዳናውያን ይህችን አነጋገር አልረሷትም። የመሪር ቀልድ መነሻ ሆነች፤ በየመፈክሩም ገባች፤ ጄኔራሉ ሌላ ምንም ባይናገሩ በእርሷ ብቻ የሚታወሱ እስኪመስል ድረስ ከስማቸው ጋር ተጣበቀች።

ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአማርኛ ሰዋስው ድርጊቱን የፈጸመው ወገን «ባለቤት» ይባላል፤ ቃሉ ከንብረትና ከኀላፊነት ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ልብ ይሏል። «ወታደሩ ተኮሰ» ሲባል ጥይቱ ባለቤት አለው፤ የሚጠየቅበት ሰው አለ። «የሆነው ሆነ» ሲባል ግን ግሡ ብቻውን ሜዳ ላይ ይቀራል። የአማርኛ አንባቢም ለዚህ ዐይነቱ አነጋገር እንግዳ አይደለም። «በተፈጠረው አለመረጋጋት የሰው ሕይወት ጠፍቷል»፣ «በተከሰተው ግጭት ንብረት ወድሟል» የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች በየዘመኑ በዜና ሰምቷል። አለመረጋጋቱ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ፣ ሕይወቱም ከኪስ እንደ ወደቀ ሳንቲም የጠፋ ያስመስላሉ።

ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎችና ስለ ፖለቲካ ተቃውሞ ብዙ ተብሏል። ሕዝብን ባንድ ጀንበር አደባባይ ያወጣሉ ያለ አለ፤ ሐሰትን እንደ ሰደድ እሳት ያዛምታሉ ያለም አለ። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ካለፈና አቧራው ከሰከነ በኋላ ምን ይቀራል የሚለውን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙ ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹ መካከል በቢቢሲ «አፍሪካ አይ» ክፍል የተሠሩ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች ይገኛሉ። አንደኛው በጁላይ 2019 የቀረበውና የካርቱሙን ዕልቂት የሚመረምረው «የሱዳን የቀጥታ ሥርጭት ጭፍጨፋ» ነው። ሁለተኛው በኤፕሪል 2025 የቀረበውና በናይሮቢ የፓርላማ ቅጥር ግቢና አካባቢ የተፈጸመውን ግድያ የሚመረምረው «የደም ፓርላማ» ነው። ሁለቱም የተሠሩት በዋናነት ሰልፈኛው፣ መንገደኛውና ጋዜጠኛው በየእጁ ከቀረጸው ምስል ነው። የሚሠሩትም አንድ ሥራ ነው፤ ባለቤት ላጣው ግሥ ባለቤት ይፈልጋሉ።

ፍለጋው በዚህ የአፍሪካ ክፍል ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከዲሴምበር 2007 ምርጫ በኋላ ኬንያ በደም ስትታጠብ መንግሥት የቀጥታ ሥርጭትን ከልክሎ ነበር። በቀጣዩ ወር፣ በጃንዋሪ 2008፣ ኦሪ ኦኮሎና ጥቂት ባልንጀሮቿ ማንኛውም ሰው ያየውን በአጭር የስልክ መልእክት ወይም በኢንተርኔት የሚልክበትን፣ የተላከውም በካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ የሚሰፍርበትን መላ ዘየዱ። ስሙንም «ኡሻሂዲ» አሉት፤ ከዐረብኛ የተወረሰ የስዋሂሊ ቃል ሲሆን «ምስክርነት» ማለት ነው። «ዜና» ወይም «መረጃ» ሊሉት ይችሉ ነበር፤ አላሉትም። ዜና ሰሚ ካገኘ ይበቃዋል፤ ምስክርነት ግን ዳኛ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ ሁለቱ ፊልሞችም ጭምር፣ በዚህ የስም ምርጫ ጥላ ሥር የሚያድሩ ናቸው።

በሱዳን የዳቦ ዋጋ ንረት የቀሰቀሰው ተቃውሞ በዲሴምበር 2018 ከአትባራና ከሌሎች ከተሞች ተነሥቶ ወደ ካርቱም ሲዛመት የኦማር አል በሺር መንግሥት ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዋትሳፕን ዘጋ። መዘጋቱ ከሁለት ወር በላይ ቢዘልቅም ወጣቶቹ በቪፒኤን አጥሩን እየዘለሉ ገቡ፤ የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበርም የሰልፉን ቀንና መነሻ በፌስቡክ ገጹ ማስታወቁን አልተወም። ኤፕሪል 6 ቀን 2019፣ የኒሜሪ አገዛዝ የወደቀበት 34ኛ ዓመት በሚታሰብበት ዕለት፣ ሰልፉ ከጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ደርሶ እዚያው ተቀመጠ። ከአምስት ቀን በኋላ 30 ዓመት የገዙት አል በሺር ከሥልጣን ወረዱ። ተቀማጮቹ ግን ሥልጣን ለሲቪል ካልተላለፈ አንነሣም ብለው ድንኳናቸውን ተክለው ቆዩ።

ከእነዚያ ቀናት ለዓለም የቀረው ሥዕል አንድ ነው። ላና ሀሩን ኤፕሪል 8 ቀን በስልኳ ያነሣችው ሲሆን፣ የ22 ዓመቷ የሥነ ሕንጻ ተማሪ አላ ሳላህ ነጭ ቶብ ለብሳ፣ የወርቅ ጉትቻ አንጠልጥላ፣ በመኪና ጣራ ላይ ቆማ ጣቷን ወደ ሰማይ ስትቀስር ያሳያል። በሰዓታት ውስጥ ዓለምን ዞረ። ሱዳናውያንም ሴቶቻቸውን በጥንቱ የኩሽ ነገሥታት ማዕርግ «ካንዳካ» እያሉ አወደሱ፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ «ህንደኬ» የሚላት ንግሥት ስም ከዚሁ ማዕርግ የመጣ ነው። ሥዕሉ ውብ መሆኑን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ዐይን ከሴቲቱ ወርዶ ዙሪያዋን ቢመለከት ሌላ ነገር ያያል፤ በዙሪያዋ ያሉት እጆች ብዙዎቹ ስልክ አንሥተዋል። ያ ሁሉ ስልክ አንዲቱን ሴት ከየማዕዘኑ ቀርጿል፤ ዓለም የመረጠው ግን አንዱን ነው። መራጩ ማን ነው ቢባል መልሱ አሳዛኝ ነው፤ ውበት ነው የመረጠው። የቀሩት ምስሎች፣ ጀርባዋን ብቻ ያሳዩት፣ የደበዘዙት፣ የሰው ራስ የጋረዳቸው፣ በየስልኩ ውስጥ ቀሩ።

ውበቱ ደግሞ ዋጋ አስከፍሏል። ሥዕሉ አብዮቱን ሐውልት አድርጎታል፤ ሐውልት ይደነቃል እንጂ አይጠየቅም። በኦገስት 2019 በአፍሪካ ኅብረትና በኢትዮጵያ ሸምጋይነት ወታደሮቹና ሲቪሎቹ ሥልጣን ሲካፈሉ ከሉዓላዊው ምክር ቤት 11 አባላት ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። አላ ሳላህ ራሷ በኦክቶበር 2019 በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀርባ ሴቶች ከድርድሩ መገፋታቸውን ተናገረች። በመኪና ጣራ ላይ ያቆማት ዓለም በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር አላገኘላትም። ያ ንግግሯ እንደ ሥዕሉ አልዞረም።

ከጁን 3 በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በዕለቱ የተገደለ አንድ ወጣት ይወደው የነበረው ሰማያዊ ቀለም የሐዘን ምልክት ሆኖ በመላው ዓለም ያሉ ሰዎች የገጻቸውን ፎቶግራፍ በሰማያዊ ተኩ። ቅን ሐዘን ነበር። ሆኖም በዚያው ሰሞን ለተከታዮቹ ቁጥር መጠን ለሱዳናውያን ምግብ እልካለሁ የሚል የኢንስታግራም ገጽ ተከፍቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮችን ሰበሰበ፤ ሲመረመር ምግብም አላኪም አልተገኘም። ሐዘኑ የሚታይ እንጂ የሚያይ ባለመሆኑ ለነጣቂ ተመቸ። ሰማያዊው ገጽ ማን እንደ ሞተ ይናገራል፤ ማን እንደ ገደለ ግን አይናገርም። በዚህ ረገድ፣ ሳያውቀው፣ ከጄኔራሉ ሰዋስው ብዙም አልራቀም።

የመጀመሪያው ፊልም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጁን 3 ቀን ንጋት፣ ረመዳን በሚሰናበትባቸው ቀናት፣ በብዛት ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ የሆኑ ታጣቂዎች መቀመጫውን ከበው ገቡ። ድንኳን ተቃጠለ፤ ሰው ተገደለ፤ ከአባይም አስከሬን ወጣ። የሐኪሞች ማዕከላዊ ኮሚቴ የሟቾቹን ቁጥር ከ100 በላይ አደረሰው፤ በዐቃቤ ሕጉ የተቋቋመው መርማሪ ቡድን 87 አለ። ባለሥልጣኖቹ ደግሞ የተፈለገው «ኮሎምቢያ» በመባል የሚታወቀውን፣ የወንጀለኛ መደበቂያ ነው ያሉትን የአባይ ዳር አካባቢ ማጽዳት ብቻ እንደ ነበር ተናገሩ። በዚያው ዕለት ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

ፊልሙ በዕለቱ የተቀረጹ ከ300 በላይ ቪዲዮዎችን ሰብስቦ ይመረምራል። በዚህ አሠራሩ የአማርኛ አንባቢ አንድ የቆየ ልማድ ሊያስታውስ ይችላል። ቀድሞ በአገር ቤት ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። በደለኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሁሉም ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ፊልሙ የስልኮች አውጫጭኝ ነው ለማለት ይቻላል። አንዱ ምስል ብቻውን እምብዛም አይናገርም፤ ግድግዳ፣ ጫማ፣ ጭስ፣ የሚሮጥ ሰው ጀርባ ነው። ከሌላው ጋር ሲገናኝ ግን ያው ጭስ ከሌላ ማዕዘን ይታያል፤ ያው ሕንጻ መንገዱን ይጠቁማል፤ የጥላው ርዝመት ሰዓቱን ይመሰክራል። አንዱ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሌላው ይጨርስለታል። ጉዳዩ አንድ ሠፈር ማጽዳት ነበር የሚለው ቃልም በመንገድና በሰዓት ተለክቶ ሲቀርብ መቆሚያ ያጣል።

እዚህ ላይ ስለ ምስሉ ጠባይ አንድ ነገር መባል አለበት። በተለመደው የፊልም ሥራ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ ጉድለት ነው፤ ወይም ሆን ተብሎ የተቀመመ የዳይሬክተር ብልሃት ነው። በዚህ ዐይነቱ ምስል ውስጥ ግን መንቀጥቀጡ የቀራጩ ጉልበት ነው፤ የሚሰማውም ማለክለክ የራሱ ትንፋሽ ነው። ካሜራው ዝቅ ሲል ሰውየው ወድቋል ወይስ ተደብቋል እያለ ተመልካች ይጨነቃል። የላና ሀሩን ፎቶግራፍ ቀራጩን ያስረሳል፤ ይህኛው ግን ለአፍታም አያስረሳም። ተመልካች ከሚያየው ድርጊት እኩል የሚያስበው ስለማያየው ሰው ነው። ውብ ባለመሆኑም ማንም በገጹ ላይ ጌጥ አድርጎ አይሰቅለውም። ለማጋራት የማይመች ምስል ለመመስከር የተመቸ ሆኖ መገኘቱ የዚህ ፊልም ትልቁ ትምህርት ነው።

ፊልሙ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። አንደኛ ርእሱ ያሳስታል። በዕለቱ በቀጥታ የተላለፈ ምስል እንዳለ እውነት ነው፤ ኔትወርኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ብዙው የወጣው ቆይቶ፣ ተደብቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ነው። «የቀጥታ ሥርጭት» የሚለው ስያሜ ምስጋናውን ለፍጥነት ይሰጣል፤ ምስጋናው የሚገባው ግን ለትዕግሥት ነበር። ስልኩን በፍተሻ ኬላዎች መካከል ደብቆ ያሳለፈው ሰው ከቀረጸበት ቅጽበት የማይተናነስ ድፍረት ነበረው። ሁለተኛ፣ የ300 ዐይኖችን ያየ ፊልም በአንድ ተራኪ ድምፅ መናገሩ የጋዜጠኝነት ግድ ቢሆንም ጉዳት አለው። ቀራጮቹ ስማቸው እንዲደበቅ የደኅንነታቸው ጉዳይ ያስገድዳል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ሆኖም ስም መደበቅና ሰው መደበቅ አንድ አይደለም። ለምን ሳይሸሽ ቆሞ ቀረጸ? ለማን ብሎ? በአውጫጭኝ ላይ ሁሉም በየተራው ተነሥቶ ይናገራል፤ በዚህ ፊልም ውስጥ ምስክሮቹ ዐይናቸውን አዋጥተው አንደበታቸውን ያላዋጡባቸው ቦታዎች ይበዛሉ።

ስለ ኢንተርኔቱ መዘጋት ከተነሣ፣ «የፌስቡክ አብዮት» የሚለውን ፈሊጥ ለሚወዱ ሁሉ ጁን 30 ቀን 2019ን ማስታወስ ይጠቅማል። ኔትወርክ በሌለበት በዚያ ዕለት የሠፈር የተቃውሞ ኮሚቴዎች በአጭር መልእክት፣ በበራሪ ወረቀት፣ በግድግዳ ጽሑፍና በቃል ጠርተው ካርቱምንና ሌሎች ከተሞችን በሰው አጥለቀለቁ። ፌስቡክ ለአብዮቱ ጥሩንባ ነበር፤ ሳንባው ግን ሠፈሩ ነበር። ከዚያው ሰሞን የተወረሰ አንድ ጨዋታ አለ። አንድ የሕግ ጠበቃ የቴሌኮም ኩባንያውን ከስሶ ኢንተርኔቱ እንዲከፈት ፍርድ ቤት አስወሰነ፤ ክሱን ያቀረበው በግሉ ስለ ነበር ግን የተከፈተው የእርሱ መስመር ብቻ ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ከመላው የሱዳን ተራ ደንበኛ እርሱ ብቻውን ኢንተርኔት ነበረው ማለት ነው። ተመልሶ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በጁላይም መስመሩ ለሌላውም ተከፈተ።

ምስክርነት ዳኛ ይፈልጋል ከተባለ፣ የካርቱሙ ምስክርነት ዳኛ ሳያገኝ ቀርቷል። በኦክቶበር 2019 በጠበቃው ናቢል አዲብ የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ውጤቱን ይፋ ሳያደርግ በኦክቶበር 2021 ወታደሮቹ መፈንቅለ መንግሥት አካሄዱ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ደግሞ በዚያ ንጋት በአንድ ወገን የነበሩት ጦር ኃይሉና ፈጥኖ ደራሹ እርስ በርስ ተታኮሱ፤ ካርቱምም ፈረሰች። መቀመጫው የነበረበት የጠቅላይ መምሪያው አካባቢም የጦር ሜዳ ሆነ። ምስሎቹ ግን አሉ። «የሱዳን ማኅደር» በመባል የሚታወቀውን የመሰሉ ሥራዎች ቪዲዮዎቹን ከማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ እየለቀሙ ቅጂ ያስቀምጣሉ። ይህ የጸሓፊ ሥራ የሚመስል ድካም እጅግ አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት አለው። ዩቲዩብና ፌስቡክ ዘግናኝ ምስልን በደንባቸው መሠረት ያነሣሉ፤ የሶርያ ጦርነት ምስሎች በ2017 በብዛት ከዩቲዩብ እንደ ተሰረዙ ይታወቃል። የሕዝብ ምስክርነት በኩባንያ ጎተራ ከተቀመጠ ቁልፉ የኩባንያው ነው።

እስከዚህ የተነገረው ስልኩ በተጠቂው ወይም በታዛቢው እጅ እንዳለ በማሰብ ነው። የአካባቢው የቅርብ ታሪክ ግን ይህን ሐሳብ ይረብሻል። በካርቱም ከወጡት ምስሎች መካከል ታጣቂዎቹ ራሳቸው የቀረጹአቸው ነበሩ። በማርች 2021 በማኅበራዊ መገናኛዎች የተሰራጨው ከትግራይ የመጣው ቪዲዮም እንዲሁ ነው። ቢቢሲና ሌሎች የዜና ተቋማት የተራራውን ጠርዝ ከመልክዐ ምድሩ ጋር አመሳክረው ቦታው ከማኅበረ ዴጎ ከተማ አቅራቢያ መሆኑን ደረሱበት። ምስሉን የቀረጹት የመከላከያ ሠራዊት የደንብ ልብስ ከለበሱት ገዳዮች መካከል የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚነጋገሩትም በአማርኛ ነው። ሌላው ዓለም በግርጌ ጽሑፍ ያነበበውን የአማርኛ ተናጋሪው ያለ አስተርጓሚ ሰምቶታል፤ ይህም ተመልካቹን ከማንም ይልቅ ለነገሩ ያቀርበዋል፤ ዕዳም ያስከትልበታል። ከመንግሥት በኩል የተሰጠው ምላሽ በማኅበራዊ መገናኛ የተለጠፈ ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም የሚል ነበር። በኦክቶበር 2025 የፈጥኖ ደራሹ ታጣቂዎች ኤል ፋሸርን ሲይዙ ደግሞ ግድያውን በገዛ ስልካቸው እየቀረጹ አሰራጩት። በ2019 ምስሉ ሲደበቅ የነበረው ከእነርሱ ነበር፤ በ2025 አሰራጮቹ እነርሱ ሆኑ።

ይህ ለሐያሲ ከባድ ጥያቄ ያመጣል። እዚህ ግሡ ባለቤት አላጣም፤ ባለቤቱ ፊቱን ለካሜራ ሰጥቶ ይፎክራል። ታዲያ ስልክ ያጋልጣል የሚለው እምነት ምን ይሆናል? መጋለጥ የሚያስፈራው የሚጠየቅ ሰው ነው። እንደማይጠየቅ የሚያውቅ ሰው ማስረጃውን ራሱ ያመርታል፤ ለእርሱ ዋንጫ ነው። ስለዚህ የምስሉ ትርጉም በምስሉ ውስጥ ብቻ አያድርም። ያው ቪዲዮ በፎካሪው ገጽ ላይ ዋንጫ ነው፤ በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ማስረጃ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ደግሞ ተራራ ከተራራ፣ ጥላ ከጥላ የሚያስተያየው አሰልቺና ቀስተኛ ሥራ ነው። ማንም «ላይክ» የማያደርገው ሥራ!

ሁለተኛው ፊልም፣ «የደም ፓርላማ»፣ ይህን ሥራ ወደ ፍጻሜው አቅርቦታል። በ2024 የኬንያ ወጣቶች የፋይናንስ ሕጉን ረቂቅ ሲቃወሙ የማኅበራዊ መገናኛን ጥበብ ከቀደምቶቻቸው ሁሉ አልቀው አሳይተዋል። ረቂቁን በየቋንቋቸው ተረጎሙት፤ በኤክስ የድምፅ ሸንጎ ሌሊቱን ሙሉ ተወያዩበት፤ የምክር ቤት አባላቱን ስልክ ቁጥር ተቀባብለው በመልእክት አጨናነቋቸው፤ ለቁስለኞች ማሳከሚያ በኤምፔሳ ገንዘብ አዋጡ። መሪ የለንም፣ ነገድ የለንም፣ ፓርቲ የለንም ሲሉ በ2007 ደም ያፋሰሰውን የነገድ ፖለቲካ በአደባባይ ካዱት። ጁን 25 ቀን ምክር ቤቱ ረቂቁን በ195 ድምፅ ድጋፍና በ106 ተቃውሞ ሲያጸድቅ ሰልፈኞቹ ቅጥሩን ጥሰው ገቡ፤ ጥይትም ተተኮሰ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ አልፈርምም አሉ። ሕጉ ቀረ፤ ሙታኑም ቀሩ።

ፊልሙ ሰልፈኞችና ጋዜጠኞች ካነሡአቸው ከ5,000 በላይ ምስሎች ተነሥቶ በዚያ ዕለት ያልታጠቁ ሰዎችን የገደሉት የጸጥታ ኃይል አባላት እነማን እንደሆኑ ይለያል። ሲቪል የለበሰ አንድ የፖሊስ ባልደረባ በስዋሂሊ «ኡአ!» ብሎ ሲጮኽ ይሰማል፤ «ግደል!» ማለት ነው። ከሰከንዶች በኋላ ጥይት ይተኮሳል፤ ሰው ይወድቃል። ካርቱም ላይ «ፈጥኖ ደራሾቹ» የሚል የወል ስም ላይ ቆሞ የነበረው ምርመራ ናይሮቢ ላይ ወደ ተጸውዖ ስም ደረሰ። በሥራ ጥራት ረገድ ከቀዳሚው ይልቃል፤ የዐዋቂ እጅ የታየበት ነው። ምስሎቹን አያጣድፍም፤ ያንኑ ቅጽበት ደጋግሞ እያሳየ ተመልካቹን እንደ ዳኛ ያስቀምጠዋል። ሟቾቹንም ቁጥር አድርጎ አይተዋቸውም፤ ቤተ ሰብና ጓደኛ፣ ትምህርትና ተስፋ እንደ ነበራቸው ያሳያል።

የሚነቀፍበት ቦታ ከጥንካሬው የሚመነጭ ነው። ምስል የሚያሳየው ስልክ የደረሰበትን ብቻ ነው። ስልክ ደግሞ ከግቢው በር፣ ከአስፋልቱ፣ ከዛፉ ሥር አያልፍም፤ ከቢሮ አይገባም። በመሆኑም ፊልሙ ቃታ የሳበውን ጣትና «ግደል» ያለውን ጉሮሮ ሲያገኝ ከዚያ በላይ ያለው የትእዛዝ ሰንሰለት ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል። ካባሺ በ2019 ሳያስቡት ያመኑት ነገር፣ ማለትም ዕቅድ እንደ ወጣና ትእዛዝ እንደ ተሰጠ፣ በናይሮቢው ፊልም ውስጥ አቻ የለውም። ያ ትእዛዝ በምስል ሳይሆን በወረቀትና በሰው ቃል የሚገኝ ነው፤ እርሱን የመፈለግ ግዴታ ያለበትም ፊልም ሠሪ ሳይሆን መንግሥት ነው። ተመልካች ግን ሁለት ሦስት ስሞች ካወቀ በኋላ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎ እንዳይሰማው ፊልሙ አብዝቶ ሊያስጠነቅቀው በተገባ ነበር።

ፊልሙ ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ይፋ ሲሆን በናይሮቢ ሲኒማ ቤት ሊታይ የነበረው ዝግጅት ቀረ፤ ቢቢሲ ምክንያቱ ከባለሥልጣናት የመጣ ግፊት መሆኑን አስታወቀ። አንዳንድ የምክር ቤት አባላትም ተቋሙ ከአገር ይታገድ እስከማለት ደረሱ። ሕዝቡ ግን ፊልሙን በዩቲዩብ ከየስልኩ አየው። ከቀናት በኋላ፣ ሜይ 2 ቀን፣ የኬንያ ፖሊስ በናይሮቢ አራት ፊልም ሠሪዎችን በዚህ ሥራ እጃችሁ አለበት ብሎ አሰረ። ቢቢሲ ሰዎቹ በፊልሙ ሥራ እንዳልተሳተፉ ገለጸ፤ በማግስቱም ተለቀቁ። «ተኮሰ» ለሚለው ግሥ ባለቤት ለማግኘት ቢቢሲ 5,000 ምስሎችንና የወራት ድካም ፈጅቶበታል፤ ፖሊስ «ቀረጸ» ለሚለው ግሥ ባለቤት ፍለጋ የወጣው ፊልሙ በታየ በአምስት ቀን ውስጥ ነው፤ የያዛቸውም ሌሎች ሰዎችን ነው።